መሀል ባሕር ዳር ሊሠራ ነው ለተባለው አፓርታማ የተራ መያዣ ልክፈል?

ጥያቄው፦ «ባሕር ዳር ውስጥ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው በኪራይ ነው። እናቴ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ 190 ካሬ ሜትር በሆነ፣ ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተገኘ ነባር ይዞታ ላይ በጭቃ ቤት ትኖራለች። ሰሞኑን ‹ሰፈሩ ፈርሶ ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማ ሊሠራበት ነው፤ አልሚው የሊዝ ቅናሽና የታክስ እፎይታ ስለሚሰጠው ቤቶቹ ለመንግሥት ሠራተኛ በርካሽ ይሸጣሉ› ይባላል። አንድ ደላላ 200 ሺህ ብር ለተራ መያዣ ከከፈልኩ ስሜን እንደሚያስገባልኝ ነግሮኛል። አንድ ጎረቤታችንም ከሌላ ሰፈር ለመጣ ገዢ ቤቱን ሊሸጥ ነው። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? የእናቴስ ቤት ምን ይሆናል?»

መልሱን ላስቀድም። ገንዘቡን አይክፈሉ። እናትዎም እርስዎ በሌሉበት ምንም ዓይነት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ምክንያቱን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ይህንኑ ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው፤ የሚጠይቁኝም የዋሆች አይደሉም። የቤት ኪራይ ከደመወዙ ግማሹን የሚወስድበት ሰው «ርካሽ ቤት» ሲባል ልቡ ቢሰቀል አይፈረድበትም። የምቆጣው በዚህ ልብ በሚነግዱት ነው።

ተራ የሚኖረው ሻጭ ሲኖር ነው። አፓርታማ ለመሸጥ መብት ያለው ደግሞ ቦታውን በሊዝ የያዘ፣ የግንባታ ፈቃድ ያወጣና የሪል ስቴት አልሚነት ፈቃድ ያለው አካል ነው፤ ዘርፉ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ አዋጅ አለው፣ ቁጥሩ 1357/2017። ሰው በሚኖርበት ሰፈር ላይ እዚያ ለመድረስ የሚታለፈው መንገድ አጭር አይደለም። መጀመሪያ የአካባቢ ልማት ፕላን ይዘጋጃል። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም እንዲለቀቅ ሥልጣን ያለው አካል ይወስናል። ነዋሪው ይነገረዋል፣ ውይይት ይደረጋል፣ ንብረት ይቆጠራል፣ ካሳ ይከፈላል። ቦታው ከጸዳ በኋላ በጨረታ ወይም ያለ ጨረታ በምደባ ለአልሚ ይተላለፋል፤ የሊዝ ውል ይፈረማል። እናትዎ ግቢ ማንም ሜትር ዘርግቶ ሳይለካ፣ ንብረት ቆጣሪ ደጃቸውን ሳይረግጥ የፎቁ ተራ መሸጥ ከጀመረ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

አንዲት መምህርት በሌላ ጊዜ በሌላ ወሬ የተቀበለችውን ደረሰኝ አሳይታኝ ነበር። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ተራ የደረሰኝ ጥራዝ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለቤት ምዝገባ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጠርዙ የተበላ ክብ ማኅተም አለበት፤ ወደ ብርሃን አቅርበን ስናነበው የኮሚሽን ሥራ ፈቃድ ያለው ግለሰብ ማኅተም ሆኖ አገኘነው። የቤት ቁጥር የለውም፣ ወለል የለውም፣ ስፋት የለውም፣ ገንዘቡ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመለስ የሚል ቃል የለውም። ያ ወረቀት ሰውየው ገንዘብ መቀበሉን ይመሰክራል፤ ቤት ስለመሸጡ ግን ምንም አይናገርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት መብት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዝዛል። ደላላዎ ወደ ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት አብሮዎት ለመሄድ ፈቃደኛ ነው? ይህን አንድ ጥያቄ ያቅርቡለትና ፊቱን ይመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ለአልሚው ይሰጣል ወደተባለው ማበረታቻ፣ ማለትም ወደ ሊዝ ቅናሹና ወደ ታክስ እፎይታው። ወሬው የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው፤ ስህተቱም ያለው እዚሁ ነው። የሊዝ ቅናሽ ሲባል ከተማው ለመንገድ፣ ለውኃ መስመር፣ ለጎርፍ መውረጃ ሊያውለው ይችል የነበረውን ገንዘብ ለአልሚው ተወለት ማለት ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው አልሚው ኪስ ነው። ከዚያ ተሻግሮ እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው አልሚው «ይህን ያህል ቤት፣ በዚህ ዋጋ፣ ለዚህ ዓይነት ገዢ እሸጣለሁ» ብሎ በሊዝ ውሉ ላይ ግዴታ ሲገባ ብቻ ነው። ግዴታው ካልተጻፈ አልሚው ገበያው የቻለውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ገበያው ደግሞ አልሚው ቦታውን በስንት እንዳገኘው አይጠይቅም።

በቁጥር ላሳይዎ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ የየትኛውም ፕሮጀክት አይደሉም። ቦታው 2,000 ካሬ ሜትር ይሁን። ግማሹ ላይ ሕንፃ ቢቆም አንዱ ወለል 1,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ምድሩን ጨምሮ ዘጠኙ ወለል 9,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ የአሳንሰሩ ቦታ፣ የጄኔሬተሩ ክፍል ሲቀነስ ለሽያጭ የሚቀረው 80 በመቶ ያህል፣ ማለትም 7,200 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ይህ ባለ 75 ካሬ ሜትር 96 ቤት ይወጣዋል። የሊዙ መነሻ ዋጋ በካሬ ሜትር 10,000 ብር ከሆነ ቦታው በሙሉ 20 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ከተማው ይህን ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቢተወው ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ቅናሽ 208 ሺህ ብር ገደማ ነው። ግንባታው በካሬ ሜትር 50,000 ብር ቢፈጅ ደግሞ ያው ቤት ትርፍም ታክስም ሳይጨመርበት 4.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ፈጅቷል። እንግዲህ መሬት በነፃ ተሰጥቶ፣ ቅናሹም ሳይሸራረፍ ለገዢው ደርሶ፣ ቤቱ የረከሰው በመቶ አራት ያህል ብቻ ነው። ደላላው የሚጠይቅዎ 200 ሺህ ብር ከዚህ ሙሉ ቅናሽ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

ነገሩ የሚለወጠው መነሻው ሲለወጥ ነው። ያው ቦታ በጨረታ ቢቀርብና ተጫራቾች በካሬ ሜትር 60,000 ብር ቢያደርሱት የቦታው ዋጋ 120 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ በአንድ ቤት ላይ 1.25 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ስለዚህ «የሊዝ ቅናሽ ተሰጠ» ሲባል ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ «ከየትኛው ዋጋ ላይ?» የሚል ነው። ከመነሻ ዋጋው ላይ ጥቂት መቶኛ መቀነስ ለዓይን ይሞላል እንጂ ለኪስ እምብዛም ነው። ጨረታ ሳይወጣ በመነሻ ዋጋ በምደባ መስጠት ግን ማንም ቅናሽ ብሎ ሳይጠራው ትልቁ ቅናሽ ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ምደባን ለሁሉም ክፍት አላደረገውም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለአምልኮ ቦታዎች፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት፣ ለአምራች ኢንዱስትሪ፣ ለመንግሥት የመኖሪያ ቤት ፕሮግራሞችና ለመሳሰሉት ፈቅዷል። ልዩ አገራዊ ፋይዳ አለው የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ በክልሉ ካቢኔ ተወስኖለት ሊያገኝ ይችላል። ለትርፍ የሚሸጥ ተራ አፓርታማ መደበኛ መንገዱ ጨረታ ነው። አንድ አልሚ በምደባ ቦታ አገኘ ከተባለ ለሕዝብ ምን ሊመልስ ተስማምቶ እንደሆነ መጠየቅ የእርስዎም የእኔም መብት ነው።

የታክሱን ወሬ በአጭሩ ልለፈው። አዲስ መኖሪያ ቤት ከአልሚ ሲገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለው። ከላይ ባነሳሁት ቤት ላይ ይህ ከ700 ሺህ ብር በላይ ነው፤ ከመጀመሪያው የሊዝ ቅናሽ ሦስት እጥፍ በላይ። ታክስ የማንሳት ሥልጣን ግን በፌዴራል ሕግ የታሰረ ነው፤ የከተማ አስተዳደር በደብዳቤ የሚሰጠው ነገር አይደለም። ቢነሳም እንኳ አልሚው በሲሚንቶው፣ በብረቱና በሴራሚኩ ላይ የከፈለውን ታክስ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ ካልተበጀለት ያንኑ ወጪ ዋጋው ውስጥ ይከተዋል።

ቅናሽ በእርግጥ ገዢው ዘንድ ደርሶ ያየነው መቼ ነው? ሻጩ ራሱ መንግሥት የሆነ ጊዜ። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቶ ባሕር ዳርም ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል። መሬቱ፣ መሠረተ ልማቱ፣ ብድሩ ሁሉ በመንግሥት እጅ ስለነበር ድጎማው ወደ ዋጋው ወርዷል። ያም ሆኖ ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች ወርኃዊ ክፍያውን መሸከም አቅቷቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው በሌላ ሰው ግቢ ኖረዋል። ከዚያ ፕሮግራም አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ቤቱ በዕጣ ይሰጥ ነበር፣ የሚመዘገብ ሰው መስፈርት ነበረበት፣ ባለ ዕጣውም ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም ነበር። ድጎማ ያለበት ቤት እንዲህ ያለ ማሰሪያ ይኖረዋል፤ አለበለዚያ ድጎማው በሳምንቱ ነጋዴ እጅ ይገባል። «ቤቱ በመንግሥት ቅናሽ ነው፤ ደግሞም ነገ በእጥፍ ትሸጪዋለሽ» ብሎ ደላላው ከነገረዎት ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ፤ ጊዜ። ሕንፃው ዛሬ ቢጀመር የሚያልቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አሳንሰሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የውኃ ፓምፑ ከውጭ የሚመጣ ነው። ያን ሰሞን ውል የነበራቸው ገዢዎች ውላቸውን ሲያገላብጡ ያገኙት «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል አንቀጽ ነበር። ፈርመውበታል፤ ግን አላነበቡትም። ወደፊት ትክክለኛ ሻጭ መጥቶ ውል ሲያቀርብልዎ ከዋጋው ቀድመው የሚያነቡት ይህን አንቀጽ ይሁን፦ ዋጋ ሊጨምር የሚችለው በምን ምክንያት፣ በማን ስሌት፣ እስከ ስንት ነው? ገንዘብዎስ የሚቀመጠው በአልሚው የግል ሂሳብ ነው ወይስ ለዚህ ግንባታ ብቻ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ?

ባሕር ዳር ላይ የሚጨመር ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ሰው እምብዛም አያነሳውም፣ እኔ ግን ሌሊት ሳይቀር አስበዋለሁ። አንድ ክረምት ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ቦታ ለመሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ለማየት ሄጄ ነበር። ማታ ሠራተኞቹ አድርቀውት የሄዱት ጉድጓድ ጠዋት ስንደርስ እስከ ጉልበት ውኃ ይዟል፤ ታች የተረሳ አካፋ እጀታው ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኳ ዋለ። ማታ ሲጠፋ ውኃው ተመለሰ። ከሐይቁ አጠገብ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፤ ጥቁሩ መረሬ አፈርም ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ሙያው አለ። ግን ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ያለው አፓርታማ እዚህ ከተማ ሲሠራ ለአፈር ምርመራ፣ ለውኃ መከላከያ ልባስና ለፓምፕ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ከተሠራ በኋላም ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ነዋሪው በየወሩ በሚያዋጣው ነው። «ርካሽ» በተባለ ሕንፃ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ ወጪ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ከዓይን የተሰወረ ነውና።

ፍሳሹን ደግሞ ያስቡት። በ96 ቤት አራት አራት ሰው ቢኖር 384 ነፍስ ነው። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ፍሳሽ ቢያወጣ በድምሩ 30 ሺህ ሊትር ያልፋል። ከተማችን ቤት ለቤት የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ የምንኖረው በሴፕቲክ ታንክና በመጣጭ መኪና ነው። ባለ 10 ሺህ ሊትር መኪና ቢመጣ በየቀኑ ሦስት ምልልስ ማለት ነው፤ ቅዳሜም እሑድም። ይህን ማንም እንደማያደርገው ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ፍሳሹ የት ይሄዳል? ወደ ጎርፍ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ጣና። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እምቦጭ ምን እንዳደረገው ደግሞ ለባሕር ዳር ሰው አይነገርም። እምቦጭን የሚያደልበው ከየአቅጣጫው የሚገባው ንጥረ ነገር ነው፤ የእኛም ቦይ አንዱ ነው። ለእኔ ከአልሚ ጋር ድርድር የሚቀመጥ ባለሥልጣን በቅናሹ ምትክ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው በግቢው ውስጥ የሚሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያ የሌለው ባለ ስምንት ፎቅ መሀል ከተማ ላይ ማበረታቻ የሚገባው አይመስለኝም።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ። ከገንዘብዎ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የእሳቸው ነገር ነው።

ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ቢፈለግ የሚገዛው ሕግ በኋላ የተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። በመጀመሪያ፣ አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ማማከር ግዴታ ነው። ስለዚህ «በሚቀጥለው ወር ትነሳላችሁ፤ አሁን ካልሸጣችሁ በባዶ እጃችሁ ትቀራላችሁ» የሚል ሰው ያስፈራራል እንጂ ሕግ አይናገርም። ሁለተኛ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለ ይዞታዎች አቅሙ ካላቸው በተናጠል ወይም በቡድን ሆነው በፕላኑ መሠረት ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ መብት አላቸው። 190 ካሬ ሜትር ብቻውን ባለ ስምንት ፎቅ አይችልም። ግን የእናትዎ፣ የግራና የቀኙ፣ የጀርባው ግቢ ሲደመር 1,000 ካሬ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ያን የያዙ አምስት ቤተሰቦች ተደራጅተው ገንዘብ ካለው ሰው ጋር ቢቀመጡ ከአንድ ብቸኛ እናት የተለየ ሚዛን አላቸው። እድር እያላችሁ መደራጀት አይከብድም፤ ስብሰባው ድንኳን ሥር ቢጀመር ነውር የለውም። ጎረቤትዎ ዛሬ ከሸጡ ግን ያ ሰንሰለት ተበጠሰ ማለት ነው፤ ሄደው ያነጋግሯቸው።

ለመሆኑ የጎረቤትዎን ቤት የሚገዛው ሰው ምን አስቦ ነው? ምናልባት ካሳ አስቦ። ይህ ግምት ብዙ ሰው አክስሯል። በአገራችን መሬት አይሸጥም፤ ካሳው የሚሰላው ንብረቱን እንደ አዲስ ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። የጭቃ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ገዢው ለአካባቢው ብሎ የጨመረው ሚሊዮን በካሳ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ የተሠራ ተጨማሪ ክፍልም አይቆጠርም። በዚያ ላይ ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል፤ ገዢው በስሙ ሲያዞር ሊዝ መክፈል ይጀምራል። እንዲሁም ባዶ የሊዝ ቦታ ይዞ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅን የሊዝ አዋጁ አስቦበታል፦ ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያደርስ የሚያስተላልፍ ሰው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ሰፈሩ በእርግጥ ቢነሳ እናትዎ የንብረት ካሳ፣ ምትክ ቦታ ወይም ቤት፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ የመጠየቅ መብት አላቸው። ካሳው ሳይከፈል አይነሱም። ግምቱ ካልተስማማቸው በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማመልከት አለባቸው፤ ይህ ቀን ካለፈ ሰሚ ማግኘት ከባድ ነው። የንብረት ቆጠራው ዕለት እርስዎ ፈቃድ ጠይቀው እዚያው ይገኙ። ቆጣሪው ሲጽፍ አብረው ይጻፉ፦ ስንት ክፍል፣ ስንት ቆርቆሮ፣ አጥሩ በምን፣ የውኃ ቆጣሪው፣ የመብራት ቆጣሪው፣ ማድ ቤቱ፣ መጸዳጃው፣ ጌሾው፣ ማንጎው። የአንድ ማንጎ ዛፍ መረሳት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዕድሜውንና ፍሬውን ቆጥሮ ካሳ ያገኘ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ምትክ ቤት ቢሰጣቸውስ? እናትዎ በምን እንደሚተዳደሩ አልነገሩኝም። በዚያ ሰፈር ብዙ እናቶች በግቢያቸው ጠላ ይጠምቃሉ፣ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት ያስረክባሉ፣ አንድ ሁለት ክፍል ያከራያሉ። ፎቅ ላይ ይህ ሁሉ የለም። በእንጨት ምድጃ መጋገር አይቻልም፣ ጋን የሚቀመጥበት ጓሮ የለም፣ የሚከራይ ክፍል የለም። በምትኩ ለአሳንሰር፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት የሚዋጣ ወርኃዊ ክፍያ ይመጣል፤ በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ባለቤቱ ለጋራ ወጪ የማዋጣት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ምርጫ ሲቀርብላቸው የቤቱን ስፋት ብቻ አይመልከቱ። ገቢያቸው በገንዘብ ተተምኖ ይቅረብ፤ የሚያስረክቡበት ምግብ ቤት ካለ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፣ ተከራይ ካለ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በቃል ያለ ገቢ በካሳ ስሌት ውስጥ አይገባም።

የእርስዎን የኪራይ ነገር አጭር ላድርገው። ወሬው ከሰፈሩ አልፎ የኪራይ ዋጋ እንደሚያንር እገምታለሁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ በተቆጣጣሪው አካል በሚወጣ መጠን ብቻ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። የት የት ከተማ እንደሚፈጸም የሚወስነው ክልሉ ነውና ወደ ክፍለ ከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደው ውልዎን ማስመዝገብ እንደሚችሉ ይጠይቁ።

200 ሺህ ብሩን በስምዎ ባንክ ያስቀምጡት። ለመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ምዝገባ ሲከፈት፣ ወይም ፈቃድና የሊዝ ውል ያለው ሻጭ ሲመጣ ያስፈልግዎታል። ቤት ከገዙ በኋላም ሕግ አይተዎትም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ለዚህ ግን የርክክብ ሰነድ ያስፈልጋል፤ የደላላ ደረሰኝ አይበቃም።

እስከዚያው ግን ዛሬውኑ የሚጀመር ሥራ አለ። የእናትዎ የይዞታ ማረጋገጫ በማን ስም ነው? በዚህ ዕድሜ ያሉ ሰፈሮች ውስጥ ካርታው በሟች ባል ወይም በሟች አባት ስም ተኝቶ ማግኘት የተለመደ ነው። እንደዚያ ከሆነ ተነሺ ሲመዘገብ ስማቸው አይገኝም፤ ወራሾች ነን የሚሉ ዘመዶች ከየት እንደሚመጡ ያኔ ያያሉ። የሞት ምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የግብር ደረሰኞቹን ሰብስበው ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ፤ የውርስ ዝውውር ይዞታውን ወደ ሊዝ አያስገባውም። ከዚያ ካርታው በእሳቸው ስም ይዙር፤ ይዞታ እየተለካ በሚመዘገብበት የካዳስተር ምዝገባም ሰፈራቸው ተመዝግቦ ከሆነ የተለካው ስፋት 190 ካሬ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ። አጥራቸው ወደ ውስጥ የገባ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ልዩነቱን ማስተካከል የሚቀልለው አሁን ነው፤ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ከተከለለ በኋላ ፋይሉን የሚነካ ሠራተኛ ማግኘት ይቸግራል።